ከስጦታው የቀደመ ምስጋና

በዚያ አገር አዲስ ዓመት የሚገባው ክረምቱ ሊጀምር ሲል ነው። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሰዉ ቤቱን ይጠርጋል፣ ደህና ልብሱን ያወጣል፣ ከዚያም በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተሰብስቦ የዓመቱ ግብ ሲታወጅ ያዳምጣል። ዳቦ ጋጋሪዎች ግብ አላቸው፤ መቃብር ቆፋሪዎችም ግብ አላቸው። ግቡ ሲታወጅ ይጨበጨባል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ግቡ ተመታ ተብሎ እንደገና ይጨበጨባል። በመካከሉ ምን ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ቢገኝም ጨዋ አይባልም።

ከተማዋ ወንዝ ዳር ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ወሰደው። ከሞት የተረፉት ሰዎች ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ድንኳን ተከሉ፤ ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። እነሱን ለመርዳትም የርኅራኄ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የርኅራኄ ቤት የራሱ የሆነ ምንም ነገር የለውም። ካለው ሰው ለምኖ ለሌለው ያደርሳል። የሚለምኑት በፊተኛው አዳራሽ የተቀመጡት ናቸው፤ ጥሩ ለብሰው ጥሩ ይናገራሉ። የመጣውን ሸራ፣ ብርድ ልብስና እህል የሚቀበሉት፣ የሚለዩት፣ በበቅሎ ጭነው ኮረብታው ድረስ የሚወስዱት ደግሞ ከኋላ ናቸው። የኋላው ክፍል ጓዳ ይባላል።

ስንቅነሽ የጓዳው ኃላፊ ነበረች። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ንግግር የማታበዛ፣ ሰው ሲቀልድ ዘግይታ የምትስቅ ሴት ናት። እሷም የታችኛው ሰፈር ሰው ነበረች። ጎርፉ የመጣ ዕለት ለሥራ ከተማ ስለዋለች ቤቷ ሲሄድ እሷ ተረፈች። በአንድ ግድግዳ ትዋሰናት የነበረችው ደብሪቱ ግን ኮረብታው ላይ ቀረች። ባለፈው ክረምት እዚያው ድንኳን ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች፤ ዝናብ ላይ ስለተወለደች ዘነበች አለቻት። ስንቅነሽ ጭነት ይዛ በወጣች ቁጥር ሕፃኗን ሳታቅፍ አትመለስም።

ስለ ምስጋናው ወግም መናገር ያስፈልጋል። በዚያ አገር የሰጠ ሰው የሚመሰገነው እንደ ነገሩ አይደለም። ከጓዳው አመስጋኝ የሚባል ሠራተኛ መለከት ይዞ ሰጪው ደጃፍ ይሄዳል፤ መለከቱን ይነፋል፤ ጎረቤት ሲሰበሰብ የሰጪውን ስም ጠርቶ ያመሰግናል። ሰጪው ወጥቶ ጎንበስ ብሎ ይቀበላል። ጎንበስ ካለ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ጉዳይ ማንም እሱን አይጠይቀውም፤ እሱም ማንንም አይጠይቅም።

በአዲሱ ዓመት ዋዜማ አዛዡ የጓዳውን ሰዎች ሰበሰቡ። የርኅራኄ ቤቱ አዛዥ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ፤ ድምፃቸውም እጃቸውም ለስላሳ ነበር። ከጎናቸው አንድ እንግዳ ተቀምጧል፤ ግብ ነዳፊ ነው። ግብ ነዳፊዎች ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞሩ ለሰው ምን መመኘት እንዳለበት የሚነግሩ ባለሙያዎች ናቸው። ይኼኛው ከዚያ በፊት ለጨው ነጋዴዎችና ለእስር ቤቱ ነድፎ ሁለቱም ግባቸውን መትተዋል ተብሎለታል።

አዛዡ መጀመሪያ የጠየቁት ስንቅነሽን ነበር። እሷም ነገሩን ስታብላላው ስለከረመች አልተንተባተበችም። ድንኳኖቹ አርጅተዋል፤ ሸራው በፀሐይ ብዛት ልፍስፍስ ብሎ በጣት ይበሳል፤ ስለዚህ ዝናቡ ሳይጠና ድንኳኑ ሁሉ አዲስ ሸራ ይልበስ፣ የጓዳው ግብ ይኼ ይሁን አለች። ሸራ ያላቸውን ነጋዴዎች ታውቃቸዋለች። በቅሎዎቹም አሉ። ሁሉም ከተጋ ይደረሳል።

ግብ ነዳፊው በትዕግሥት አዳመጣትና፣ «ይኼ ሥራ ነው እንጂ ግብ አይደለም» አላት። «ሥራ ይሠራና ያልቃል። ግብ ግን ከዓመት ዓመት የሚያድግ ነገር መሆን አለበት።»

«ዝናቡ ሲመጣስ?»

«ዝናብ በእጃችን አይደለም። እኛ የምንለካው በእጃችን ያለውን ነው።»

ከዚያም ያጠናውን አስረዳ። በየሰጪዎቹ ቤት ዞሮ ለምን ጨምራችሁ አትሰጡም ብሎ ጠይቋል። አንዱ ምን እንደሰጠ ከረሳ በኋላ መመስገኑን ነግሮታል። ሌላው ደግሞ ጎረቤቶቹ ሁሉ ለቅሶ በሄዱበት ቀን ስለተመሰገነ ማንም ሳይሰማለት መቅረቱን በምሬት አጫውቶታል። ስለዚህ ችግሩ ታወቀ፤ ምስጋናው ይዘገያል። የዓመቱ ግብም በስጦታና በምስጋና መካከል ያለውን ጊዜ ማሳጠር ይሆናል።

የበቅሎዎቹ ኃላፊ ጋሽ ቢተው እጃቸውን አወጡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከሰው ይልቅ ከበቅሎ ጋር ሲያወሩ የሚቀላቸው ሰው ናቸው። ፍጥነቱ ለሸራውም ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው ነበር። አዛዡ ፈገግ ብለው፣ ሐሳቡ ለሚመጣው ዓመት ጥሩ ግብ ሊወጣው ይችላል አሉ። በማግስቱ ግቡ በደጃፉ ታወጀ። ሰዉም አጨበጨበ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ጉዳት ያለው አይመስልም ነበር። ይሰነብት የነበረው ምስጋና በማግስቱ መድረስ ጀመረ፤ ቀጥሎም በዕለቱ። አመስጋኞቹ በእግር ስለማይደርሱ ጭነት የሚያመላልሱት በቅሎዎች ለእነሱ ተሰጡ። ጋሽ ቢተው ኮርቻ ሲጭኑ ከአፋቸው ቃል ባይወጣም እያንዳንዱን ጠፍር የሚያጠብቁበት ሁኔታ ለበቅሎዋ ሳይሆን ለሌላ ሰው አንገት የታሰበ ይመስል ነበር። አመስጋኝ ስላነሰ ጫኞቹ መለከት እንዲማሩ ታዘዘ። መለማመጃ ቦታ ስለጠፋ መጋዘኑ ተለቀቀላቸው፤ ውስጡ የነበረው ጥቂት ሸራ ግቢው ውስጥ ተቆልሎ ፀሐይ ይመታው ጀመር።

ምስጋናው በዕለቱ ሲደርስ ግቡ ተመታ። ግብ ነዳፊው ግን የተመታ ግብ የሞተ ግብ ነው ብሎ ጊዜውን ይበልጥ አሳጠረው። ሰጪው ስጦታውን ይዞ ከቤቱ ሲወጣ እዚያው በሩ ላይ ይመስገን ተባለ። ይህም ሲሳካ ገና ሊሰጥ ሲያስብ ይመስገን ተባለ። ሰው የሚያስበው ስለማይታይ ሐሳብ አድማጮች የሚባሉ ተቀጠሩ። ሥራቸው በየመጠጥ ቤቱና በየገበያው ተቀምጦ፣ «እነዚያ የድንኳን ሰዎች ያሳዝናሉ» የሚል ሰው ሲገኝ ሮጦ መናገር ነው። አንድ ሸማኔ ወገቡን አሞት ወደ ኮረብታው ዞሮ «ኤዲያ» ስላለ ብቻ ከመሸ በኋላ መለከት ተነፍቶለት ተመስግኗል። ሚስቱ መጀመሪያ ደነገጠች። በኋላ ግን ጎረቤት ሁሉ ሲያከብራት ጊዜ ደስ አላት፤ ባሏም ሳይታክት ወደ ኮረብታው እየዞረ «ኤዲያ» ማለት ጀመረ።

ስንቅነሽ በዚህ መካከል ሸራ ፍለጋ ከነጋዴ ነጋዴ ትዞር ነበር። አቶ ጥጋቡ የሚባሉት የጨርቅ ነጋዴ ለኮረብታው የሚበቃ ሸራ አዘጋጅቻለሁ፣ መጥታችሁ ውሰዱ ብለው ልከውላት ነበርና አንድ ጠዋት ከጋሽ ቢተው ጋር በልመና ያገኟቸውን በቅሎዎች ይዘው ሄዱ። ሲደርሱ የአቶ ጥጋቡ ሠራተኞች ግቢ ውስጥ የተደረደረውን ጥቅል ሸራ እየተሸከሙ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ዝናብ ፈርተው መስሏት አይጨነቁ፣ አሁኑኑ እንጭነዋለን አለቻቸው።

አቶ ጥጋቡ ግራ ተጋብተው አዩዋት። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ተመስግኛለሁ እኮ» አሏት። «አመስጋኙ ሳይነጋ መጥቶ ነፍቶልኝ፣ ጎንበስ ብዬ ተቀብያለሁ።»

«ሸራው ግን ይኸው እዚህ ነው፣ አቶ ጥጋቡ።»

«ባልሰጥማ ኖሮ ታመሰግኑኝ ነበር?»

ይህን ያሉት ለማላገጥ አልነበረም። ከልባቸው ነበር የጠየቋት። የመጨረሻው ጥቅል ገብቶ በሩ ሲዘጋ ስንቅነሽና ጋሽ ቢተው ባዶዎቹን በቅሎዎች እየጎተቱ ተመለሱ።

በቀጥታ አዛዡ ዘንድ ገባች። እየሆነ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ መስጠት ቀርቷል፣ መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ሰዉ የተመሰገነ ቀን የሰጠ ይመስለዋል። አቶ ልሳነወርቅ ሳያቋርጡ ሰሟት። ከዚያም ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ ይህን ያህል ሰው ተመስግኖ እንደማያውቅ፣ የሌላ ከተማ ሰዎች ሳይቀሩ ሊማሩ እየመጡ መሆኑን አስረዷት። «አንቺ ሁልጊዜ የሚታይሽ የሸራው ነገር ብቻ ነው» አሏት በሐዘኔታ። ስንቅነሽ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ክረምቱ እንደልማዱ ማንንም ሳያስፈቅድ ገባ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረ ዝናብ ጠዋት ሲያባራ ስንቅነሽ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ከበላው ሸራ ደህና ደህናውን መርጣ በጀርባዋ አዝላ ኮረብታውን ወጣች። መንገዱ ጭቃ ነው። ከላይ የሚመጣ ድምፅ አልነበረም፤ ወትሮ ልጆች ከሩቅ አይተዋት እየሮጡ ይቀበሏት ነበር።

የደብሪቱ ድንኳን ከመካከሉ ተተርትሮ ሁለቱም ጎኑ ወርዷል። ደብሪቱ ከጎረቤት ድንኳን በር ላይ እርጥብ ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች። እጇ ባዶ ነበር። ስንቅነሽ ሕፃኗን በዓይኗ ፈለገች። ከዚያ መፈለጓን ተወች።

ብርዱ ከያዛት ሰንብቷል አለቻት ደብሪቱ። ሌሊት ሸራው ሲተረተር ውኃው ልጅቷ ላይ ወረደ። በደረቷ ይዛት፣ በሰውነቷ ሸፍናት ነበር፤ ጎረቤቶችም ያላቸውን ሁሉ አምጥተው ነበር፤ ያላቸው ሁሉ ግን እርጥብ ነው። ሊነጋ ሲል ማልቀሷን አቆመች። እኛም ተኛች ብለን ደስ አለን አለቻት።

ስንቅነሽ አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ደብሪቱ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«መለከቱ ከታች ሲነፋ እንሰማለን። በየቀኑ ነው የሚነፋው፣ አንዳንዴ ሲመሽም ይነፋል። ይኼን ሁሉ ሰው ካመሰገኑማ ሸራው መንገድ ላይ ነው እያልን እንጠብቃለን። ቀዳዳውን ልድፈነው ስል፣ ተዪው፣ ነገ አዲስ ይመጣል አሉኝ። ተውኩት።»

ስንቅነሽ ያን ጊዜ አላለቀሰችም። ያዘለችውን ሸራ አውርዳ ለጎረቤቶቹ ሰጠች፤ ከእነሱ ጋር ሆና ዘነበችን ቀበረች፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደች። በኋላ ያያት ሰው ስትወርድ ሰላም ብትባል እንኳ አትሰማም ነበር ብሏል። ውስጧ የሚነደው ነገር ጆሮዋን ደፍኖት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አመስጋኞቹን ሁሉ ሰበሰበች። ዛሬም ወደ ደጃፎቹ ትሄዳላችሁ፣ መለከቱንም ትነፋላችሁ፤ ነገር ግን የምትሄዱት ተመስግነው ያልሰጡት ቤት ነው፣ የምትሉትም ምስጋናችንን መልሱ ነው አለቻቸው። አንዳንዶቹ መሬት መሬት አዩ። እንጀራቸው ነው፤ ቤተሰብ አላቸው። አንዱ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ እንደማያውቅና አዛዡ ሳያዙ እንደማይቻል ተናገረ። ስንቅነሽ አልተከራከረችውም። ኮረብታው ላይ ያየችውን ብቻ ነገረቻቸው፤ መለከታቸው እዚያ ድረስ እንደሚሰማም ነገረቻቸው። ጋሽ ቢተው በበኩላቸው ወደ በቅሎዎቹ ሄደው ኮርቻውን አንድ በአንድ እያወረዱ በምትኩ የጭነት መደላድልና መጫኛ አደረጉባቸው። «ከዛሬ ጀምሮ በቅሎዎቼ ሰው አይሸከሙም» አሉ። ግማሾቹ አመስጋኞች ወደ ቤታቸው ሄዱ። ግማሾቹ መለከታቸውን አነሱ።

አቶ ጥጋቡ ደጃፍ የሄደችው ራሷ ስንቅነሽ ነበረች። መለከት መንፋት አትችልም፤ ስትነፋው እንደሚታረድ በሬ ጮኸ። ጎረቤቱ ከወትሮው ፈጥኖ ተሰበሰበ። አቶ ጥጋቡ የለመዱት ነገር መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፤ ለመጎንበስም ተዘጋጁ።

«አይጎንበሱ» አለቻቸው። «ባለፈው በዚህ ደጃፍ ያመሰገንንዎ በስህተት ነው። ምንም አልሰጡንም። ምስጋናችንን ልንወስድ መጥተናል።»

አቶ ጥጋቡ ጎረቤቶቻቸውን አዩ፣ እሷን አዩ። «ምስጋና ይመለሳል እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ትናንት አንዲት ሕፃን ቀብሬ ነው የመጣሁት። ድንኳኗ የሚለብሰው ሸራ እርስዎ ቤት ውስጥ ነው ያለው። እሷን መመለስ አልችልም። ምስጋናውን ግን ይመልሱ።»

ሰውየው ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው የመጀመሪያውን ጥቅል ራሳቸው ተሸክመው አወጡ፤ ሠራተኞቻቸውም ተከተሏቸው። ጋሽ ቢተው ባመጧቸው በቅሎዎች ላይ ይጭኑ ጀመር።

በሌሎች ደጃፎች ነገሩ እንዲህ አልሆነም። አንዱ አመስጋኝ ላይ እጣቢ ተደፋበት። ሌላው በድንጋይ ተፈነከተ። ያ ሸማኔ «ኤዲያ ማለቴ አንሶ ነው?» ብሎ ከሰሰ፤ ሚስቱ ግን ከኋላው ወጥታ የራሷን ብርድ ልብስ ሰጠች። አንዳንዱ በሩን ቆለፈ። አንዳንዱ ደግሞ የሰጠ እየመሰለው መኖሩን አሁን ገና አውቆ እየተጣደፈ አወጣ። ከሰዓት በኋላ ያሉት በቅሎዎች ሁሉ ተጭነው ኮረብታውን ይወጡ ነበር። በዚያ ሌሊት ዝናቡ ሲመለስ ከግማሽ የሚበልጡት ድንኳኖች ለብሰው ጠበቁት። የቀሩት እንደነበሩ ጠበቁት።

ስንቅነሽ አዳራሹ ውስጥ ለፍርድ ቆመች። ምስጋና ስለ መመለስ የሚናገር ሕግ ስላልነበረ፣ የተከሰሰችው የመሥሪያ ቤቱን የዓመት ግብ በማጉደል ነው። ግብ ነዳፊው፣ በአንድ ቀን የብዙ ሳምንት ምስጋና መጥፋቱን በሐዘን ገለጸ። ስለ ሸራው የተጠየቀ ነገር የለም። አቶ ልሳነወርቅ ቅጣት እንደማይወዱ ተናገሩ፤ የርኅራኄ ቤት የርኅራኄ ቤት ነውና። ስለዚህ ስንቅነሽ በሙሉ ክብር ተመስግና ከሥራዋ ትሰናበት አሉ። ሰዉ ይህን ፍርድ ሲሰማ ምን ያህል ደግ ሰው ናቸው ብሎ አጨበጨበ። እሷ ግን ወዲያው ገባት። የተመሰገነ ሰው ነገሩ አልቆለታል፤ ስለ ዘነበችም ስለ ሸራውም ከዚያ ወዲያ አፏን መክፈት አትችልም።

በተወሰነው ቀን አዛዡ ከግብ ነዳፊውና ከአመስጋኞቻቸው ጋር ደጃፏ መጡ። እኛ የከተማዋ ሰዎችም ሄደን ነበር፤ መንደሩ ሙሉ ነበር። መለከቱ ተነፋ፤ በጣም ያማረ አነፋፍ ነበር። አመስጋኙ ስሟን ጠርቶ ስላበረከተችው ሁሉ አመሰገናት። ስንቅነሽ ወጥታ ቆማ ሰማችው። ሲጨርስ ሁላችንም እንድትጎነብስ ጠበቅን።

አልጎነበሰችም።

አዛዡ ምናልባት አልሰማች ይሆናል ብለው አስደገሙላት። አሁንም ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ዓይናቸውን እያየች፣ «ምን ሰጠኋችሁ?» አለች።

አመስጋኙ ወደ አዛዡ ዞረ። አዛዡ ወደ ግብ ነዳፊው ዞሩ። በዚያ አገር የተመሰገነ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ ስለዚህ መልሱን የተማረ አልነበረም።

«ምን እንደሰጠኋችሁ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝና ልጎንበስ። ከሌለ ግን ነገሩ አላለቀም። እኔ እናገራለሁ፤ ባገኘሁት ደጃፍ ሁሉ እናገራለሁ። ልጅቷ ዘነበች ትባል ነበር።»

ይህን ብላ በመካከላችን አልፋ ሄደች። የነካት የለም፤ ሁላችንም መንገድ ለቀቅንላት። አዛዡ ምስጋናው በአግባቡ መድረሱን፣ መጎንበስ ደግሞ የተቀባዩ ፈንታ መሆኑን ተናግረው ሰዉን በተኑ። ዓመቱ ሲያልቅ የርኅራኄ ቤት ግቡን መምታቱ ታወጀ። ለስንቅነሽ የተነፋውም ምስጋና አብሮ ተቆጥሮ ነበር ይባላል።

እሷ ከደጃፏ የሄደችው በቀጥታ ወደ ኮረብታው ነበር። ጋሽ ቢተው ቀድመዋት ደርሰዋል፤ ከሥራቸው የተሰናበቱት ሳይመሰገኑ ነበር። ያልለበሱት ድንኳኖች ብዙ ናቸው፤ ያለው ቁርጥራጭ እየተሰፋ መያያዝ ነበረበት። ደብሪቱ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ስንቅነሽ ስትመጣ ቀና ብላ አየቻት። አላመሰገነቻትም። ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላትና የሸራውን ሌላውን ጫፍ አስያዘቻት።